አረንጓዴው መስመር

የሺአረግ ሹራብ የምትመርጠው ገልብጣ ነው። ሌላው ሰው ነቀምቴ ሰልባጅ ተራ ሲገባ ቀለም ያያል፤ ደረቱ ላይ ለክቶ "ይሆነኛል?" ብሎ አጠገቡ የቆመውን ይጠይቃል። እሷ ግን ከክምሩ አንዱን መዝዛ ውስጡን ወደ ውጭ ትገለብጥና ጎኑን በአውራ ጣቷ ታሻለች። ጎኑ በመኪና ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ መልሳ ትወረውረዋለች፤ እንዲህ ያለው ሲተረተር ክሩ ስንዝር ስንዝር እየሆነ ስለሚወጣ ለምንም አይበጅም። ጎኑ ሳይቆረጥ በክር ብቻ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ "እስቲ ይህም ይሁን" እያለች ክንዷ ላይ ጣል ታደርገዋለች።

ሰልባጅ ሻጩ ኦቦ ደረሳ ይህን አመሏን ካወቀ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ቦንዳ በፈታ ቁጥር ለእሷ ይሆናል ያለውን ለይቶ ከመቀመጫው ሥር ያኖርላታል። እሷም የለየላትን አንድም ቀን ሳትነቅፍ ወስዳ አታውቅም።

"አካም ቡልቴ፣ አዴ የሺ?"

"ፈያ፣ ኦቦ ደረሳ። ምን አስቀመጥክልኝ?"

"ኢላሊ፣ እይማ! አራት ወፍራም ወፍራም ሹራብ። ለበረዶ አገር የተሠራ ነው።"

"ውፍረቱን ማን ጠየቀህ? ጎኑን አሳየኝ።"

ከአራቱ ሁለቱን ትጥላለች፣ ሁለቱን ይዛ ትሄዳለች። ኦቦ ደረሳም የጣለቻቸውን አራግፎ ለሌላ ገዢ እየሰቀለ ይስቃል።

እነዚህን ሹራቦች ልትለብሳቸው እንዳይመስላችሁ። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለው ግቢዋ ስትደርስ ለብ ባለ ውሃና በኦሞ ትዘፈዝፋቸዋለች፣ ቀለማቸው ፀሐይ እንዳይመታው ገመድ ላይ ገልብጣ ታሰጣቸዋለች፣ ሲደርቁ ስፌታቸውን በምላጭ ፈትታ ደረትና ጀርባውን፣ ግራና ቀኝ እጅጌውን ለየብቻ ታደርጋለች። ከዚያ ጫፉን አግኝታ እስከ መጨረሻው ትተረትረዋለች። ከሹራብ የወጣ ክር እንደ እንዶሚ ተጠቅልሎ አልዘረጋም ስለሚል፣ እንደገና አርጥባ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ታንጠለጥልበታለች። በማግስቱ ክሩ ሥርዓት ይይዛል። ኪሮሿን የምታነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ጫፏ ቆልመም ያለች፣ መያዣዋ በጣቶቿ ልክ የተላገች አንዲት ቀጭን ብረት።

በዚህች ብረት የምትሠራው ባለ መስመር ብርድ ልብስ ነው። ለምን ባለ መስመር እንደሆነ የሚጠይቋት አሉ፤ ለውበት ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አንድ ሹራብ ተተርትሮ የሚሰጠው ክር ከአልጋ ወርድ ጋር ሲለካ ከአንድ መስመር አያልፍም። የአንዱ ክር ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን ስለሚሆን ደግሞ ሁሉም በአንድ አሠራር ቢሠራ ብርድ ልብሱ እዚህ ጋ ይሰበሰባል፣ እዚያ ጋ ይላላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክር የሚስማማውን አሠራር ትፈልግለታለች። ቀጭኑን መሰላል በምትለው፣ ወፍራሙን ማበጠሪያ በምትለው፣ ለስላሳውን ደግሞ እያበጠ በሚወጣው ሽንብራ ትሠራዋለች። ስሞቹን ያወጣቻቸው ራሷ ናት። መሰላልን ጊምቢ፣ ሽንብራን ነጆ፣ የዓሣ ቅርፊትን አርጆ ነው የተማረችው፤ መሥሪያ ቤቷ ባዛወራት ቁጥር አከራይዋ የምታውቀውን አንድ አሠራር ይዛ ትመለስ ነበር።

መሥሪያ ቤቷ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ሥራዋ ደግሞ ታይፒስትነት። አባቷ ከቢቸና የመጡ ፖሊስ ነበሩ፤ እዚሁ ተቀጥረው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ተቀበሩ። እሷ ነቀምቴ ተወልዳ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ትናገራለች፤ ስትናደድ ብቻ የአባቷ ጎጃምኛ ይመጣባታል። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ መዝገብ ቤት አስገቧት፣ ከመዝገብ ቤትም በጡረታ ወጣች። ሥራ ላይ ሳለችም የአለቆቿን የአማርኛ ስሕተት ሳታርም ታይፕ አትመታም ነበር። አለቆቿ ይህን አይወዱትም፤ እሷም መወደድን ከሥራዋ አልቆጠረችውም።

ባሏ ሕሩይ የጤና ቢሮ ሾፌር ነበር። በሕይወት ሳለ በዚህ ሥራዋ መቀለድ ይወድ ነበር። "የፈረንጅ ሙታን ልብስ ለብሰን ልንተኛ ነው" ይላታል። እሷም "የሞተ ሰው አይበርደውም፤ አንተ ነህ የሚበርድህ" ብላ ትመልስለታለች። ሕሩይ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የሹራቦቹን ባለቤቶች ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አስባቸው አታውቅም። ከቦንዳ የወጣ ልብስ ለእሷ ክር ነው።

ይሁን እንጂ ክር አንድ ነገር ይነግራታል፤ የሠራውን ሰው እጅ። የእጅ ሥራ የሚሠራ ሁሉ የራሱ አጠባበቅ አለው። አንዷ ክሩን ሳብ ታደርጋለች፣ አንዷ ትለቀዋለች፤ ሲታክታት የሚላላባት አለች፣ ሲታክታት የሚጠብቅባት አለች። የሺአረግ ይህን ታያለች። ማየቷ ባልከፋ፤ ክፋቱ ያየችውን መናገሯ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ እታገኝ ለቴሌቪዥኗ የሠራችውን የዳንቴል ልብስ ለእንግዶች ስታሳይ፣ የሺአረግ ጠጋ ብላ በጣቷ ዳሰስ አደረገችና "እስከዚህ ያንቺ እጅ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ግን የሌላ ሰው ነው" አለች። እውነትም ግማሹን የእታገኝ የወንድም ልጅ ነበረች የሠራችው። እታገኝ ዓመት ሙሉ አኮረፈቻት። የሺአረግ በበኩሏ "እኔ ምን አጠፋሁ? ያለው ክሩ ነው" ትላለች፤ እስከ ዛሬም ያንኑ ነው የምትለው። በሌላ ነገር እንደማንኛችንም ትዋሽ ይሆናል፤ በእጅ ሥራ ግን ዋሽታ አታውቅም።

ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ለመምህር ጫንያለው አከራይታለች። ጫንያለው ከወረኢሉ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ይኸው አራት ዓመቱ። ዝምተኛ፣ ኪራዩን ሳይጠየቅ የሚከፍል፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ልጅ ነው። እህቱ ማስተዋል በዓል በመጣ ቁጥር ለየሺአረግ ትደውልላታለች። እንኳን አደረስዎት ካለች በኋላ ሁልጊዜም የምትጨርሰው "ወንድሜን አደራ" ብላ ነው።

ይህ ልጅ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ነበረው። ወለጋ ዝናቡ አያባራም ሲባል የሰሙት እናቱ፣ ምደባው እንደወጣ በሁለት መርፌ ይሠሩለት ጀመር። እሱ እዚህ በመጣ በአምስተኛው ወር አረፉ። ለቀብር ሄዶ ሲመለስ ሹራቡን ለብሶት መጣ። ስለ ራሱ ብዙ የማይናገረው ጫንያለው፣ ሰው "ጥሩ ሹራብ ነው" ካለው ብቻ ሳይጠየቅ አንድ ነገር ይጨምራል። "እናቴ ናት የሠራችው። ጨርሳልኝ ነው ያለፈችው።" የሺአረግ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። ሹራቡን ግን ያን ሁሉ ጊዜ በፊት ለፊቱ ብቻ ነው ያየችው። ሰው የለበሰውን ሹራብ አይገለብጡም።

በዚህ ዓመት በግንቦት መጨረሻ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዋ ሱአድ ብርድ ልብስ አዘዘቻት። ጊምቢ ያለችው ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ፣ ለአራስ ጥየቃ ይዛው ልትሄድ ፈለገች። "ቀለሙ ይብዛ፣ የሺ፤ ወላሂ ያ የቻይና ብርድ ልብስ ሰልችቶኛል" አለቻት። የሺአረግም መቶ ስልሳ የክር ዓይን ወርድ፣ ዐሥራ ሁለት መስመር ርዝመት ያለው እንዲሆን አሰበችና ጀመረች። ቀይ በመሰላል፣ ቢጫ በሽንብራ፣ ግራጫ በማበጠሪያ፣ ነጭ እንደገና በመሰላል እያለች አራት መስመር ጨረሰች። አምስተኛው ላይ ክር አለቀባት።

ሰኔ ነበር። ከኦቦ ደረሳ ያመጣቻቸውን ሹራቦች አጥባ ባሰጣችበት ጠዋት፣ ጫንያለው ጊምቢ ለፈተና ጥበቃ ዐሥር ቀን ይሄድ ስለነበር እሱም ልብሱን አጥቦ በገመዱ ጫፍ አሰጥቶ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የሺአረግ ከጎረቤት ሮጣ መጥታ፣ ጠብታው ሲጀምር ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንዷ ሰበሰበችው። ሸሚዝና ሱሪውን ለይታ በመስኮት ጣለችለት። ሹራብ የሆነውን ሁሉ ወደ ቤቷ ይዛ ገባች። ሁሉም የተገለበጠ ነበር፤ ተገልብጦ የተሰጣ ሹራብ ደግሞ በዚያ ግቢ የእሷ ነው።

አረንጓዴውን ያነሣችው በማግስቱ ነው። ጎኑን በአውራ ጣቷ ስታሸው ልቧ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ገጥሟት አያውቅም፤ ሰልባጅ ተራ ስትመርጥ ሳታስተውለው የቀረች መሰላት። በመኪና ያልተነካ፣ ከሥር እስከ ላይ በእጅ የተሠራ ነበር። ስፌቱን ፈታችና ጀርባውን መተርተር ጀመረች። ክሩ ሳይያዝ፣ ሳይበጠስ ይመጣላታል። ደረቱም እንደዚያው፣ ቀኝ እጅጌውም እንደዚያው። የሠራችው ሴት እጀ ለስላሳ፣ የማትቸኩል፣ ክር ስትቀጥል ቋጠሮዋ የማይታይ ነበረች። የሺአረግ ለሰው የማትሰጠውን ምስጋና ለማታውቃት ሴት ሰጠች። "እጅሽ ይባረክ!" አለች ጮክ ብላ፣ ብቻዋን።

ግራ እጅጌው ላይ ስትደርስ ክሩ እምቢ አላት። ጠብቋል። አንዱን ረድፍ ለማውጣት ሁለቴ መሳብ አስፈለጋት፤ ቋጠሮውም እንደ ሽንብራ ፍሬ ያስቸግራል። መተርተሩን ገታ አድርጋ አየችው። "ይህን ሁለት ሰው ነው የሠራው" አለችና ቀጠለች። ከዚያ ያለፈ አላሰበችም፤ ክር ነውና። አምስተኛውን መስመር በዚያ ክር የዓሣ ቅርፊት አድርጋ ሠራችው፤ በላዩም ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ክሬም፣ ሮዝ እያለች አራት መስመር ጨመረች። ፎቶውን በቴሌግራም ለሱአድ ስትልክላት ሱአድ "አረንጓዴው ገደለኝ" ብላ ጻፈችላት።

ጫንያለው ከጊምቢ ሲመለስ ክፍሉን አገላበጠ፣ ገመዱን አየ፣ አጥሩ ሥር ዞረ። ከዚያ በሯ ላይ ቆመ።

"እትዬ የሺ፣ ሹራቤን አላዩልኝም?"

"የትኛውን?" አለች ሥራዋን ሳታቆም።

"ያን አረንጓዴውን። የሄድኩ ቀን አጥቤው ነበር። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ቀለሙ እንዳይለቅ ብዬ ገልብጬ ነው ያሰጣሁት።"

ኪሮሿ የክሩ ዓይን ውስጥ እንደገባች ቀረች። ብርድ ልብሱ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አረንጓዴው ከጉልበቷ በታች ወርዶ፣ በሱ ትይዩ። ልጁ ቁልቁል ቢመለከት ሊያየው ይችል ነበር፤ አላየውም። ቢያየውስ የዓሣ ቅርፊት የሆነውን የእናቱን ሹራብ በምን ያውቀዋል?

"ዝናብ መጥቶ... እስቲ እፈልጋለሁ" አለችው።

"ሌባ ወስዶት ይሆናል። አይጨነቁ" አለና ሄደ። አይጨነቁ ማለቱ ከሁሉም የከፋ ሆነባት።

እንግዲህ የሺአረግ ምን ማድረግ እንደሚገባት ወዲያው አልገባትም ብል እዋሻለሁ፤ ገብቷታል። ያደረገችው ግን ሌላ ነው። ሰኞና ማክሰኞ አንገቷን ደፍታ ሁለት መስመር ጨመረች፤ ብርቱካን በመሰላል፣ ቡናማ በማበጠሪያ። በኪሮሽ የተሠራ ነገር የሚፈታው ከመጨረሻው ጫፍ ብቻ ነው። አንድ መስመር በጨመረች ቁጥር አረንጓዴው እየራቀ፣ እየተቀበረ ይሄድላታል። ሐሙስ ሱአድ ትወስደዋለች፣ ዓርብ ጊምቢ ይገባል፣ ሕፃን ይተኛበታል፤ ነገሩም ያበቃል። ልጁ ሌባ ብሏል። ሌባው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ከእሷ በቀር የለም። ማክሰኞ ከሰዓት ዝናብ ሲወርድ ጫንያለው በስስ ጃኬቱ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ከትምህርት ቤት ሲገባ በመስኮት አየችውና አፈረች። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖራ እንዲህ ያለ ሐፍረት አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት እሱ እንደወጣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ፈልጋ ሳበችው። በሳምንት የተሠራው በሰዓት ይፈታል። ቡናማው ሄደ፣ ብርቱካኑ ሄደ፣ ሮዙ፣ ክሬሙ፣ ወይን ጠጁ፣ ሰማያዊው። ስድስት መስመር ተፈትቶ እግሯ ሥር ሲከመር አረንጓዴው ወጣ። እሱንም ሳበችው። ግራ እጅጌ የነበረው ጫፍ ላይ ስትደርስ ያ ሽንብራ የሚያህል ቋጠሮ በጣቷ ውስጥ አለፈና ቆም አደረጋት። ከዚህ ቋጠሮ ወዲህ የእናትየው ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የማን ነው?

ጨርሳልኝ ነው ያለፈችው።

የሺአረግ ክሩን አስቀመጠችና ስልኳን አነሣች። ማስተዋል ገና በሁለተኛው ጥሪ አነሣችው፤ በዓል ሳይሆን የተደወለ ስልክ ነውና ድምፅዋ ደንግጧል።

"ወንድሜ ምን ሆነ?"

"ደኅና ነው፣ ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" የሺአረግ የሆነውን ሁሉ ሳትሸፍን ነገረቻት፤ ገመዱን፣ ዝናቡን፣ መተርተሩን። ከዚያ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች። "ግራ እጅጌውን የሠራሽው አንቺ ነሽ?"

ማስተዋል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

"ማን ነገረዎት?"

"ክሩ።"

"እማዬ ቀኝ እጅጌው ላይ እያለች ደከመች" አለች ማስተዋል። "እሱንም እንደ ምንም ነው የጨረሰችው። ግራውን አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ እኔ ሠራሁት። እጄ ጠባብ ነው፤ እማዬም ሁልጊዜ ትቆጣኝ ነበር። አልቆ አላየችውም። እሱ ለቀብር ሲመጣ ምን ልበለው? ጨርሳልህ ነው አልኩት። ያጽናናው ያ ብቻ ነው፣ እትዬ። እንዳይነግሩት።"

"እኔ በእጅ ሥራ ዋሽቼ አላውቅም፣ ልጄ።"

"አደራ" አለች ማስተዋል። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ "ክሩ ካለ ይላኩልኝ። ልኩን አውቀዋለሁ፤ ክረምቱን እሠራዋለሁ" አለች።

ሐሙስ ሱአድ ዘንቢሏን ይዛ መጣች። አራት መስመር ያላት፣ ለአንሶላም ለሻርፕም የማትሆን ነገር ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ።

"የሺ፣ ምን ነክቶሽ ነው? አረንጓዴውስ?"

"የሰው ሆኖ ተገኘ።"

"የሰው ማለት?"

"የሰው ማለት የሰው ነው። ለሚቀጥለው ሐሙስ ይደርስልሻል። በሱ ፈንታ ብርቱካኑን በዓሣ ቅርፊት አስገባልሻለሁ።"

"እኔ ብርቱካን አላዘዝኩም" አለች ሱአድ አኩርፋ። ቢሆንም ብርድ ልብሱን ከሌላ ሰው እንደማታገኘው ስለምታውቅ ዘንቢሏን ይዛ ተመለሰች። ልጇ ግን ብርድ ልብሱ ሳይደርስ ወለደች፤ ሕፃኑን ያ የተናቀው የቻይና ብርድ ልብስ ተቀበለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጫንያለው የፈተና ወረቀት ሲያርም የሺአረግ በሩን አንኳኳች። አረንጓዴውን ክር ታጥቦ፣ ቀጥ ብሎ፣ በአራት ድቡልቡል ተጠቅልሎ በሳፋ ይዛለች። ሳፋውን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠችና ቆመች።

"ሹራብህ ይኸውልህ" አለች።

ልጁ ሳፋውን አየ፣ እሷን አየ። እስክርቢቶውን አስቀመጠ። እሷም ሌባ እንዳልወሰደው፣ ከራሷ ሹራቦች ጋር አብራ ሰብስባ እንደተረተረችው፣ በሱአድ ብርድ ልብስ ላይ እንደሠራችውና ካወቀችም በኋላ እስከ ዛሬ ዝም እንዳለች ነገረችው። ዝምታዋን ባትነግረው ትችል ነበር፤ ነገረችው። እህቱ እንደገና ልትሠራው መስማማቷንም ነገረችው። ሳትነግረው የቀረው የግራ እጅጌው ነገር ብቻ ነው።

ጫንያለው አልጮኸም። ይጮኻል ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር። አንዱን ድቡልቡል አነሣና በእጁ መዘነው። ቀና ሳይል ጠየቃት።

"እትዬ የሺ፣ እርስዎ የሰው እጅ ያውቃሉ ይባላል። እታገኝ ነግረውኛል።"

"ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ።"

"ሲተረትሩት... ግራ እጅጌው ላይ ሲደርሱ ክሩ አልጠበቀብዎትም?"

የሺአረግ ሳፋውን አየች። ከአራቱ ድቡልቡሎች አንዱ፣ ከሌሎቹ ያነሰው፣ የግራ እጅጌው ነበር፤ ሳታስበው ለብቻው ነው የጠቀለለችው። እታገኝን ዓመት ሙሉ ያስኮረፈው ምላስ አፏ ውስጥ ከበዳት። ልጁ ሊሰማ የፈለገውን ለማወቅ ፊቱን አየች፤ ፊቱ ምንም አልነገራትም። ማስተዋልን አሰበች፣ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ በጠባብ እጇ ስትሠራ።

"አልጠበቀም" አለች። "ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ እጅ ነው። የእናትህ ነው።"

ጫንያለው ራሱን ነቀነቀ።

"ማስተዋልም እንደዚሁ ነው ያለችኝ" አለ።

ድቡልቡሉን ወደ ሳፋው መለሰውና የፈተና ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። የሺአረግ ሳፋዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ጠራት። አሁንም ቀና አላለም፤ የተማሪውን ወረቀት እያየ ነበር።

"እትዬ የሺ፣ ክሩን ሲልኩላት አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ግራ እጅጌውን እንዳታሰፋው። እጄ ላይ እንደ ድሮው ይጥበቀኝ።"

"እሺ" አለች የሺአረግ። "እነግራታለሁ።"